ከከተማ ዳር ተነስቶ በትንሽ ራንክ ፕሮ ቴኒስ መጫወት፣ እንዴት ነው ሚኬደው

ይሄን ምጽፈው ኳስ እያቀበለ ራኬት መያዝ ለለመደ፣ አሁን አገር ውስጥ ካሉት ብዙዎቹን እያሸነፈ "ከዚ በኋላስ ወዴት ነው" ለሚል ልጅ ነው። በተለይ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ምናምን ላላችሁ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ኮርት ብርቅ ነው፣ ያለው መሀል ከተማ ነው፣ እዛ ለመድረስ ሚኒባስ መቀያየር አለ፣ እና ክለብ አጠገብ ያደገ ልጅ ትልልቆቹ ሲያወሩ ጆሮውን ጥሎ ሚሰማውን ነገር እኛ ጋ ሚነግር ሰው የለም። በ"አንተ" ነው ምጽፈው፣ እህቶቼ ግን ለናንተም ነው፣ ሴቶቹ ጋ ህጉ ሚለይበት ቦታ ላይ ለብቻ እጠቅሳለሁ።

ከአሁኑ እንግባባ፣ ማወራው ስለ ናዳል አይደለም። ራንኩ 900፣ 1,200 ምናምን የሆነ ሰው ሁለት ሶስት አመት ቤተሰቡን ሳያራቁት እንዴት ይጫወታል ነው ጥያቄው። በኔ እይታ እዚ ደረጃ ላይ ግማሹ ስራ የትኛውን ሳምንት የት እንደምትጫወት መምረጥ ነው፣ ፎርሃንድማ ሁሉም አለው።

ደረጃዎቹን ቶሎ ልበላቸው። ከታች ያለው አይቲኤፍ (የአለም ቴኒስ ፌዴሬሽን) ሚያስተዳድረው ወርልድ ቴኒስ ቱር ነው፣ ድሮ ፊውቸርስ ሲባል የነበረው፣ ወንዶቹ ኤም 15 እና ኤም 25 አላቸው፣ ሴቶቹ ከደብሊው 15 ተነስተው 35፣ 50፣ 75 እያሉ እስከ 100 ይሄዳሉ። ከዛ በላይ ለወንዶች ቻሌንጀር አለ፣ ከዛ በላይ ቲቪ ላይ ምታያቸው። አንተ ምትጀምረው ኤም 15 ላይ ነው፣ እሱም ኳሊፋይንግ ላይ፣ ማለትም ዋናው ውድድር ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ሌላ ማጣሪያ ተጫውተህ ማለፍ አለብህ፣ ኳሊፋይንግ ላይ ከተሸነፍክ ባዶ እጅህን ነው ወደ ሆቴል ምትመለሰው።

አሁን ብሩን እንይ። ኤም 15 ላይ ለሁሉም ተጫዋች ተደምሮ ሚከፈለው 15,000 ዶላር ነው። በሲንግል ዋንጫ የበላ 2,160 ዶላር ይወስዳል፣ ፋይናል የተሸነፈ 1,272፣ ዋናው ውድድር ገብቶ መጀመሪያ ዙር የወደቀ 156 ዶላር፣ አንድ ዙር አሸንፎ ሁለተኛው ላይ የወደቀ 258። ይሄ ታክስ ሳይቆረጥ ነው፣ ያዘጋጀው አገር ከላዩ ላይ ይቆርጣል። ራንክ ሚወጣበት ነጥብ ደግሞ ላሸነፈው 15፣ ለፋይናሊስቱ 8፣ ግማሽ ፍጻሜ 4፣ ሩብ ፍጻሜ 2፣ አንድ ዙር ላለፈ 1፣ መጀመሪያ ዙር ለወደቀ ዜሮ። ዩኤስ ኦፕን በ2024 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው) መጀመሪያ ዙር ላይ ለወደቀ ሰው 100,000 ዶላር ከፍሏል፣ እዛና እዚ ያው አንድ አይነት ኳስ ነው ሚመታው።

እስቲ ሂሳብ እንስራ፣ ለምሳሌ ያህል አልጋና ምግብ በቀን 60 ዶላር እንበል፣ ሶስት ሳምንት አንድ ቦታ ተቀመጥክ፣ 1,260 ዶላር ወጣብህ። በየሳምንቱ አንድ ዙር እያሸነፍክ ብትወድቅ ሚገባህ 774 ዶላር ነው፣ ሶስት ነጥብ ይዘሀል፣ ወደ 500 ዶላር ከስረሀል፣ ትኬቱን ገና አልቆጠርነውም። እና ይሄ መጥፎ ጉዞ እንዳይመስልህ፣ ለጀማሪ በጣም አሪፍ ጉዞ ነው! አይቲኤፍ ራሱ የ2013ን መረጃ አስጠንቶ ያወጣው ነገር አለ፣ ወጪና ገቢው እኩል ሚሆንለት ወንድ ራንኩ 336 አካባቢ ያለው ነው፣ ሴት ደግሞ 253፣ ያውም የአሰልጣኝ ወጪ ሳይጨመር። ከዛ ወዲህ የወንዶቹን ፕሮ ቱር ሚያስተዳድረው ኤቲፒ በ2024 የገቢ ዋስትና ጀምሯል፣ ያኔ አንደኛ እስከ 100ኛ ላለው 300,000 ዶላር፣ ከ101 እስከ 175 ላለው 150,000፣ ከ176 እስከ 250 ላለው 75,000፣ በአመት ከዚ ካነሰ እንዲሞላለት ማለት ነው። 251ኛው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ህንዳዊው ሱሚት ናጋል በ2023 ያገሩ አንደኛ ሆኖ ባንክ ያለኝ 900 ዩሮ ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ሲናገር ብዙ ሰው ደንግጧል፣ ታች ያሉት ግን የደነገጡ አይመስለኝም። በነገራችን ላይ ሰውየው በ2024 አውስትራሊያን ኦፕን ሁለተኛ ዙር ገባ።

እዚ ጋ ቤተሰብ ሚባል ነገር አለ። ሱሉልታ ወይ ለገጣፎ ያደግክ ከሆነ ጎረቤትህ ሯጭ ነው፣ እናትህም ስፖርት ስትባል ምታውቀው ሩጫን ነው፣ ሯጭ ማናጀር ይይዛል፣ ማናጀሩ ከመቶ 15 አካባቢ ይቆርጣል፣ ጥሩ ሰአት ያለውን የውድድሩ አዘጋጅ ትኬትና ሆቴል ችሎ ይጠራዋል፣ አንድ ማራቶን ሮጦ ቤት ይሰራል። ስለዚ አንተ "ውጪ ልወዳደር ነው" ስትል ሚጠብቁህ እንደዛ ነው። ቴኒስ ላይ ታች ያለ ተጫዋች ትኬቱን ራሱ ነው ሚቆርጠው፣ ራንክ 1,000 ላለ ሰው ማናጀር ሚባል የለም፣ አዘጋጁም አይጠራህም፣ ለምነህ ነው ምትገባው። ከመሄድህ በፊት አባትህንም እናትህንም ቁጭ አድርገህ የላይኛውን ሂሳብ በብር አባዝተህ አሳያቸው፣ በኋላ "ልጃችን ሄዶ ምንም ሳይልክ ተመለሰ" ከሚሉ አሁን ቢናደዱ ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ እንምጣ፣ ብዙ ልጅ ሚቀረው እዚ ነው። መጀመሪያ አይፒን ሚባል የተጫዋች መታወቂያ ቁጥር አይቲኤፍ ዌብሳይት ላይ ታወጣለህ፣ በየአመቱ ይከፈልበታል፣ ክፍያው በኢንተርናሽናል ካርድ ስለሆነ ተራ የኤቲኤም ካርድህ አይሰራም፣ ወይ ባንክህ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ካለው ጠይቅ ወይ ውጪ ያለ ዘመድ ይክፈልልህና እዚ በብር ስጥ። ከዛ ስለ ውርርድና ማጭበርበር ኦንላይን ሚሰጥ ትምህርት አለ፣ እሱን ሳትጨርስ መመዝገብ አትችልም፣ እንግሊዝኛው ከከበደህ ሚረዳህ ሰው ጋ ቁጭ ብለህ ጨርሰው፣ ዝም ብለህ ቀጥል ቀጥል እያልክ አትለፈው፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሀለሁ።

ምዝገባው ሚዘጋው የቶርናመንቱ ሰኞ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው ባለው ሀሙስ ነው፣ በጂኤምቲ 14:00፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰአት። 11 ሰአት ማለት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተጣበህ ኔትወርክ ሚቆራረጥበት ሰአት ነው፣ ስለዚ ረቡዕ ማታ ጨርሰው። ለአንድ ሳምንት ከአንድ በላይ ቶርናመንት ላይ ተመዝግበህ በምርጫህ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ትችላለህ፣ አድርገው፣ ነጻ እድል ነው። መውጣት ከፈለግክ 13 ቀን ሲቀር ባለው ማክሰኞ እዛው ሰአት ላይ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ ዝም ብሎ መቅረት ቅጣት አለው።

አሁን ቀኑን ከቪዛ ጋር አስተያየው። ስምህ ዝርዝሩ ላይ መግባቱን ምታውቀው ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀር ነው፣ ኤምባሲ ደግሞ የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሆቴል ቡኪንግ ብሎ ያመላልስሀል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ አይደርስም። ጀርመናዊው ልጅ ማክሰኞ ወስኖ አርብ ይበራል፣ ያንተ ፓስፖርት ግን እንደዛ አይሰራም። መፍትሄው አንድ ቶርናመንት ላይ ተመስርተህ ቪዛ አለመጠየቅ ነው፣ በየሳምንቱ ለማለት ይቻላል ቶርናመንት ሚዘጋጅባቸው ቦታዎች አሉ፣ ቱኒዚያ ሞናስቲር፣ ግብጽ ሻርም ኤል ሼክ፣ ቱርክ አንታሊያ። እነዚ ጋ ቪዛው ሁለት ሳምንት ቢዘገይብህ ሌላ ቶርናመንት ይጠብቅሀል፣ የጠፋ ነገር የለም። ከፌዴሬሽኑ የድጋፍ ደብዳቤ ቀድመህ አጽፍ፣ ደብዳቤው ላይ የአንድ ሳምንት ሳይሆን የአንድ ወር ወይ የሁለት ወር ፕሮግራም እንዲጠቀስ አድርግ። ዶላሩን ከባንክ ለመግዛት ትኬትና ቪዛ ያስፈልግሀል፣ በኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ከዛ በፊት በጀት የሰራ ሰው እንደገና ይስራ።

ሳምንት ምርጫው ላይ በደንብ ልቆይ። ኤም 15 ሁሉ እኩል አይደለም፣ ሽልማቱ እኩል ነው እንጂ። አውሮፓ ውስጥ ስፔን ወይ ጣሊያን ያለ ኤም 15 ላይ ራንኩ 400 የሆነ ልጅ ቤቱ ተኝቶ በባቡር መጥቶ ይጫወታል፣ አንተን እዛ ምን ወሰደህ? ምትፈልገው ሰው ለመሄድ ሚሰንፍበት ሳምንትና ቦታ ነው። አውሮፓ ሙቀት ገብቶ በየከተማው ቶርናመንት ሲበዛ ሻርምና ሞናስቲር ዝርዝሩ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይገላል እውነት ነው፣ ግን ምትገባበት ቀዳዳ እሱ ነው። በተቃራኒው ጥርና የካቲት ላይ አውሮፓ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ወደ ሙቀት ይሸሻል፣ ያኔ ኳሊፋይንግ ራሱ ግድግዳ ነው። ይሄን ማወቅ ከፈለግክ ያለፈውን አመት የመግቢያ ዝርዝር እዛው አይቲኤፍ ላይ ክፈትና መጨረሻ የገባው ሰው ራንክ ስንት እንደነበር እያየህ ደብተር ላይ ጻፈው፣ ኳሊፋይንግ ላይ ራንክ የሌለው ሰው ገብቶ ያውቃል አያውቅም ሚለውን ለየው። አንድ ቅዳሜ ሚፈጅ ስራ ነው፣ ግን ትኬት ከመግዛት ይረክሳል።

ከቅርብ ያለው ናይሮቢ ነው። ኬንያ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰአት ነው፣ ገንዘብ ካጠረ በሞያሌ በመኪና ይኬዳል፣ እግርህ አብጦ ስለምትደርስ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመህ ሂድ። አየሩም ከፍታውም ለኛ ቅርብ ነው። ስለዚ ናይሮቢ ላይ ቶርናመንት ከወጣ ሌላውን ሁሉ ትተህ እሱን ተጫወት። ኪጋሊ ከ2024 ጀምሮ ቻሌንጀር ታዘጋጃለች፣ እሱ ግን ላንተ ገና ነው።

አንዴ ከሄድክ ሶስት ወይ አራት ሳምንት አንድ ቦታ ተቀመጥ። አንድ ሳምንት ብቻ ተጫውቶ መመለስ ትኬቱን በአንድ ጌም መክፈል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ባብዛኛው ኳሱንና ሙቀቱን መልመጃ ነው ሚሆነው፣ ነጥብ ሚመጣው ሁለተኛውና ሶስተኛው ላይ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፣ እዛ ተቀምጠህ ሰው ትተዋወቃለህ፣ ክፍል ሚጋራህ ታገኛለህ፣ ደብል ሚጫወትህ ታገኛለህ። ደብልን አትናቅ! ብዙ ልጅ ሲንግል ኳሊፋይንግ ላይ ወድቆ ሻንጣውን ሲያስር አንተ ደብል ላይ ጓደኛ ፈልገህ ግባ፣ ቦታው ላይ እያለህ አጣማሪው ቀርቶበት ሚንከራተት ተጫዋች ሁሌ አለ፣ ሰርቭህ ጥሩ ከሆነና ሰው ካላስቀየምክ ይወስድሀል።

ነጥቡ ሚቆየው 52 ሳምንት ነው፣ አምና በዚ ሳምንት ያገኘኸው ዘንድሮ በዚሁ ሳምንት ይወድቃል። ስለዚ ሁሉንም ነጥብህን በአንድ ወር ከሰበሰብክ በአመቱ በአንድ ወር ውስጥ ከዝርዝሩ ትጠፋለህ፣ ከተቻለ ጉዞህን አመቱ ላይ በታትነው። ሴቶች ደግሞ፣ ደብሊውቲኤ (የሴቶቹ ፕሮ ቱር) ራንክ ውስጥ ለመግባት ወይ ሶስት ቶርናመንት ላይ ነጥብ ማግኘት ወይ በጠቅላላ 10 ነጥብ መድረስ አለባችሁ፣ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ስም አይወጣም፣ ስለዚ ለናንተ ረዘም ያለ ጉዞ የበለጠ ያስፈልጋል።

ልምምድ። ከኮዬ ወይ ከጣፎ መሀል ከተማ ለመሄድ ጠዋት 12 ሰአት ካልወጣህ መንገድ ይበላሀል፣ እና በቀን ሁለቴ መመላለስ አይታሰብም፣ ስለዚ ክለብ ላይ ኳስ ምትመታበትን ጠዋት አድርገው፣ ከሰአቱን ሰፈር ጨርስ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳ አለ አይደል፣ መስኮት የሌለበት ጎኑ፣ ቮሊና ሰርቭ ሪተርን እዛ ላይ ይሰራል፣ የብሎኩ ኮሚቴ ግን ይመጣብሀል፣ ድምጹ ቤት ውስጥ እንደ መዶሻ ነው ሚሰማው፣ ሰአት ተስማማ፣ ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ አሰልጥንና ዝም ይላሉ። ሩጫና ጉልበት ላይ ሰፈራችን ከማንም ይበልጣል፣ ሜዳ አለ፣ ዳገት አለ፣ ከጠዋት ሯጮች ጋ ብትወጣ ከልካይ የለህም፣ ብቻ የነሱን ኪሎሜትር አትሩጥ፣ አንተ ምትፈልገው አጫጭር ፍጥነትና አቅጣጫ መቀየር ነው።

ከፍታው ላይ ግን ተጠንቀቅ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ከሷም ትበልጣለች፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው፣ ኳስ ቶሎ ይሄዳል፣ ይነጥራል፣ ህጉ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ለብቻው የከፍታ ኳስ ፈቅዷል። እኛ ግን ባብዛኛው ሰው ባመጣው ተራ ኳስ ነው ምንጫወተው፣ ስለዚ እጃችን ኳሱን ማሳጠር፣ መያዝ ይለምዳል። ከዛ ሻርም ወይ ሞናስቲር ባህር ጠርዝ ላይ ስትወርድ ኳሱ ድንጋይ ይሆንብሀል፣ እዚ ጥልቅ ይገባ የነበረው ምት እዛ ሰርቪስ መስመር ላይ ይወድቃል፣ ሰርቭህ ሰው አያልፍም። ሁለት ነገር አድርግ፣ አንደኛ ክሩን ላላ አድርገህ አስወጥር፣ እዚ ከምትወጥረው አንድ ሁለት ኪሎ ቀንስ፣ ሁለተኛ ከመሄድህ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቶፕስፒን ከፍ አድርገህ ረጅም መምታት ላይ ብቻ ስራ፣ ከመስመር ቢወጣም ይውጣ፣ ታች ወርዶ ይገባል። ትንፋሽህ እዛ ሶስተኛ ሴት (set፣ የግጥሚያው ሶስተኛ ክፍል) ላይ ይጠቅምሀል፣ ሙቀቱና ወበቁ ግን ሌላ ነው፣ ጨውና ውሃ ላይ አትሰስት። ያደግከው ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ሞናስቲርና ሻርም ሃርድ ኮርት መሆናቸውን አስብ፣ አንታሊያ ነው አፈሩ።

ክረምት ሲገባ አፈር ሜዳ ይጨቀያል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳምንት ሙሉ ኳስ ሳትመታ ልትቀር ትችላለህ። ቅድም እንዳልኩት ያው ወቅት ነው ቆላ ያሉት ቶርናመንቶች ሚሳሱት፣ ስለዚ ዋናውን ጉዞህን ክረምት ላይ አድርገው፣ ከትምህርት ጋርም አይጋጭም።

ክር ላይ ገንዘብ ያልቃል። ቶርናመንት ላይ ያለ ክር ወጣሪ በአንድ ራኬት 15፣ 20 ዶላር ይጠይቅሀል፣ ይሄ ማለት ሁለት ራኬት ብታስወጥር ከመጀመሪያ ዙር ብርህ ሩቡን ወስዶታል። 200 ሜትር ጥቅል ፖሊስተር ክር ግዛ፣ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ብትቆርጥ 16 ራኬት ይወጣዋል። ከተቻለ ሁለት ሶስት ሆናችሁ በክብደት ሚሰራውን መወጠሪያ ማሽን ግዙ፣ በእጅ ስለሆነ ሚሰራው መብራት ቢጠፋም አይቆምም፣ የክለብ ሰው ራኬት እየወጠራችሁ ዋጋውን ትመልሳላችሁ፣ ጉዞ ላይም ይዞት ሚሄድ አለ፣ ሌሎቹን እየወጠረ የምሳውን ያገኛል።

ምግብ ላይ ረጅም አላወራም፣ በሶ ያዝ፣ ቆሎ ያዝ፣ ሆቴል ቁርስ ካለው ደህና አድርገህ ብላ። ጾም ከሆነና ምትጾም ከሆነ ሽሮህንና ምስርህን አብዛ፣ ከንስሀ አባትህ ጋ ተነጋገር፣ ያ የናንተ ጉዳይ ነው።

ገቢ ከየት ይመጣል ላልከው፣ ከማስተማር ነው። ዊምብልደን 2016 ላይ ራንኩ 772 የነበረው እንግሊዛዊ ማርከስ ዊሊስ ኳሊፋይ አድርጎ፣ አንድ ዙር አሸንፎ፣ ሁለተኛ ዙር ከፌደረር ጋ ሴንተር ኮርት ላይ ተጫውቷል፣ ያኔ ሚተዳደረው ክለብ ውስጥ ሰው እያስተማረ ነበር። እዚም ያለው ገበያ እሱ ነው፣ የኤምባሲና የድርጅት ሰዎች፣ የነጋዴ ልጆች፣ ክረምት ላይ ሚመጡ ዲያስፖራዎች። ከነዚ ውስጥ ጥሩ ሚጫወት ካለ ስፓሪንግ ሁነው፣ ላንተም ልምምድ ነው። ግን ሙሉ ቀን ኳስ ስትወረውር ውለህ ማታ የራስህን ልምምድ መስራት አይሆንም፣ ትከሻህ ያልቃል፣ ስለዚ ከጉዞ በፊት ያለውን አንድ ወር የማስተማር ሰአትህን በግማሽ ቀንስ፣ ገንዘቡን ከዛ በፊት ባሉት ወራት ሰብስብ። ደንበኛህን እንደምትሄድ ቀድመህ ንገረው፣ ተተኪ አስቀምጥለት፣ አለበለዚያ ስትመለስ ሌላ ልጅ ቦታህን ይዟል። ስፖንሰር ሚፈልግ ሰው ደግሞ ባንክና ቢራ ፋብሪካ ከመዞሩ በፊት ሚያስተምራቸውን ሰዎች ይጠይቅ፣ አስር ሰው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ አንድ ትኬት ይሆናል፣ ምን ላይ እንደዋለ ደረሰኝ እያሳየህ ሪፖርት ካደረግክ በሚቀጥለውም ይሰጡሀል። በኋላ ራንክ ከያዝክና ሸንገን ካገኘህ ጀርመንና ፈረንሳይ የክለብ ሊግ አለ፣ በየግጥሚያው ሚከፍል፣ ብዙ ታች ያለ ተጫዋች አመቱን ሚያቻችለው በሱ ነው።

አሁን ቅድም ይቆየኝ ወዳልኩት የውርርድ ነገር። የመጀመሪያ ነጥብህን ባገኘህ ሰሞን ማታውቀው ሰው ኢንስታግራም ላይ ይጽፍልሀል፣ መጀመሪያ አድናቂ ነው፣ ከዛ "ሁለተኛውን ሴት (set) ብቻ ልቀቅ" ይልሀል፣ ሚሰጥህ ብር ዋንጫ ብትበላ ከምታገኘው ይበልጣል። በ2018 የወጣው ገለልተኛ የምርመራ ሪፖርት ለዚ ችግር በጣም የተጋለጠው ታችኛው ደረጃ ነው ያለው ለዚ ነው፣ ተጫዋቹ ተርቧል፣ ግጥሚያው ላይ ግን ይወራረዱበታል። እምቢ ማለት ብቻ አይበቃም፣ አይቲአይኤ ለሚባለው የቴኒስ ኢንተግሪቲ ተቋም ማሳወቅ ግዴታህ ነው፣ ዝም ማለት ራሱ ያስቀጣል። እስከ እድሜ ልክ ሚደርስ እገዳ አለ። ሌላው ሰው ማያስበው የሰፈር ቤቲንግ ቤት ነው፣ አንተ ቴኒስ ላይ መወራረድ በፍጹም አትችልም፣ የትኛውም ግጥሚያ ላይ፣ መቶ ብርም ቢሆን። ጓደኛህ ቤቲንግ ቤት ተቀምጦ "ነገ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ" ሲልህ አንተ ደህንነትህን የጠየቀ ይመስልሀል፣ እሱ ግን ትኬት ሊቆርጥ ነው፣ ጉዳትህን መንገር ህጉ ሚከለክለው የውስጥ መረጃ ነው። ተሸንፈህ ስትወጣም ብር የበላህባቸው ሰዎች እናትህን እየጠሩ ሚሰድቡህ መልእክት ይመጣል፣ አትመልስ፣ ስክሪንሾት አድርገህ ሪፖርት አድርግ።

ጫትም አለ። ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቁጭ ማለት የተለመደ ነው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ግን የአለም ጸረ ዶፒንግ ኤጀንሲው ዋዳ በውድድር ወቅት ከከለከላቸው ውስጥ ነው፣ ሽንት ላይ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ተያዝክ፣ ለባህል ነው ብትል ሚሰማህ የለም። ለጉንፋን ከፋርማሲ ሚሰጡህ ውስጥም ሱዶኤፌድሪን ያለበት አለ፣ እሱም በውድድር ወቅት ገደብ አለው፣ ፓኬቱን ሳታነብ አትዋጥ።

እድሜህ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አቆየውና ጁኒየር ቶርናመንቶች ላይ አተኩር፣ ከጄ 30 ይጀምራሉ፣ ከአለም 100 ውስጥ የገባ ጁኒየር በትልልቆቹ ኤም 15 ላይ የተያዘለት ቦታ አለ፣ ያን ያልደረሰም አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በቴኒስ ስኮላርሺፕ የመሄድ በር አለው። ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ በ2022 ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ኒካምፕ ጋ የዊምብልደን ጁኒየር ደብል ዋንጫ በልታ በቀጥታ ፕሮ ልሁን አላለችም፣ አሜሪካ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ነው የገባችው። እዛ ነጻ ኮርት፣ ነጻ ክር፣ ነጻ ምግብ፣ በየሳምንቱ ግጥሚያ፣ መጨረሻ ላይ ዲግሪ። ስለዚ እንግሊዝኛህንና የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ችላ አትበል፣ ትምህርት ጨርሰህ ብዙ አመት ከቆየህ ደግሞ መጫወት ምትችልበት ጊዜ ስለሚቀነስብህ ከ11ኛ ክፍል ጀምረህ ለአሰልጣኞች ኢሜልና የግጥሚያ ቪዲዮ መላክ ጀምር፣ ቪዲዮው ሙዚቃ የተቀላቀለበት ምርጥ ምርጡ ሳይሆን ያልተቆረጠ አንድ ሙሉ ሴት (set) ይሁን፣ አሰልጣኞቹ እሱን ነው ማየት ሚፈልጉት።

እስከመቼ ልሞክር ላልክ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ከቤተሰብህ ጋ ቁጥር ተስማሙ። እኔ ምለው ሁለት ክረምት ሙሉ ሄደህ ተጫውተህ ዋናው ውድድር ውስጥ አንድም ግጥሚያ ካላሸነፍክ ጉዞውን አቁመህ አገር ውስጥና ናይሮቢ ብቻ ተጫወት፣ አንድ ሁለት ነጥብ ካገኘህ ሶስተኛውን ክረምት ጨምር፣ ሩብ ፍጻሜ ከደረስክ ደግሞ ያኔ ሰው ሰብስበህ ገንዘብ ለምን። ጉዞ በሌለህ ጊዜ የአይቲኤፍን የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲመጣ ውሰድ፣ ሌቭል 1 ያለው ልጅ ውጪ ያለ ሆቴልም ክለብም ሲቀጥር ወረቀቱን ያይለታል፣ ምዝገባው በፌዴሬሽን በኩል ስለሆነ ስልክህን እዛ አስመዝግብ፣ ቦታው ውስን ነው፣ ቀድሞ የደወለ ነው ሚገባው።